አድሚራል ፊትዝሮይና የማዕበል ምልክቱ

ነገ ይዘንማል ወይስ ብራ ይሆናል የሚለው ጥያቄ ከሰው ልጅ ጋር አብሮ የኖረ ጥያቄ ነው። ገበሬው ደመናውን አይቶ፥ እረኛው የነፋሱን አመጣጥ ለይቶ የመሰለውን ይናገራል። የተናገረው ሳይደርስ ቢቀር ማንም አይከስሰውም፤ የነገረው ለጎረቤቱ ነውና። ነገሩ የሚከብደው አንድ ሰው በመንግሥት ተሹሞ፥ በሺህ ለሚቈጠር ሕዝብ ማዕበል ሊነሣ ይችላልና ተጠንቀቁ ብሎ እንዲያስታውቅ በታዘዘ ጊዜ ነው። ማዕበሉ ሊመጣም ሊቀርም ይችላል። ታዲያ ይህን የመምጣትና የመቅረት ነገር፥ ፊደል ላልቈጠረ ዓሣ አጥማጅ፥ ከሩቅ ሆኖ በዓይኑ ብቻ አይቶ እንዲረዳው አድርጎ እንዴት መንገር ይቻላል? ሀብቱንና ጤናውን በዚህ ሥራ ላይ የጨረሰውን የእንግሊዛዊውን ባሕረኛ የሮበርት ፊትዝሮይን ታሪክ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ዘመኑን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ብዙ ሰው ፊትዝሮይን የሚያውቀው የተፈጥሮ ሊቁን ቻርልስ ዳርዊንን በመርከቡ አሳፍሮ ዓለምን በማዞሩ ነው። ይህ ጉዞ ስሙን አስጠርቶታል፤ ነገር ግን ከዚያ ያላነሰ ሌላ ሥራ መሥራቱን የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው።

ፊትዝሮይ ጁላይ 5 ቀን 1805 በእንግሊዝ አገር በሰፎክ አውራጃ ተወለደ። የዘር ሐረጉ ከንጉሥ ቻርልስ 2ኛ የሚመዘዝ ሲሆን አያቱ የግራፍተን መስፍን በአንድ ወቅት ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። አጎቱ ሎርድ ካስልሬም የታወቁ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ፤ እኒህ ሰው ግን በ1822 በመንፈስ ጭንቀት ላይ ሳሉ በገዛ እጃቸው ሞቱ። የአጎቱ አሟሟት በወጣቱ ልብ ውስጥ እንደ ጥላ ሆኖ ኖረ።

ገና በ12 ዓመቱ በፖርትስመዝ ከተማ ከሚገኘው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገብቶ፥ በ1824 ለሌተናንት ማዕረግ በቀረበበት ፈተና ሙሉ ነጥብ አገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ የቢግል መርከብ አዛዥ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ በብርዱና በብቸኝነቱ ተማርሮ ራሱን ስለ ገደለ፥ የ23 ዓመቱ ፊትዝሮይ በእርሱ ቦታ ተሾመ።

በተሾመም በጥቂት ሳምንት ውስጥ፥ በጃንዋሪ 1829 መጨረሻ ላይ፥ ዕድሜውን ሙሉ ያልረሳው አደጋ ደረሰበት። መርከቢቱ በላ ፕላታ ወንዝ መግቢያ አጠገብ ትጓዝ ነበር። ባሮሜትሩ እየወረደ ነው። ባሮሜትር የአየርን ክብደት የሚለካ፥ በመስተዋት ቱቦ ውስጥ ባዜቃ ያለበት መሣሪያ ነው፤ አየሩ ሲቀል ባዜቃው ይወርዳል፥ ባዜቃውም በፍጥነት ከወረደ ብዙ ጊዜ ብርቱ ነፋስ ይከተለዋል። ወጣቱ አዛዥ ምልክቱን ቢያይም በጊዜው አልተጠነቀቀበትም። ፓምፔሮ የሚባለው የዚያ አገር ነፋስ በድንገት ደርሶ መርከቢቱን በጎኗ አጋደማት፤ ምሰሶዎቿ ተሰበሩ፥ ሁለት መርከበኞችንም ባሕር ወሰዳቸው። ቢግል በታላቅ ጭንቅ ቀና አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊትዝሮይ ባሮሜትር ሳያይ የሚውልበት ቀን አልነበረም ማለት ይቻላል።

ዳርዊን የነበረበት ሁለተኛው ጉዞ በዲሴምበር 1831 ተጀምሮ በኦክቶበር 1836 ተፈጸመ። ፊትዝሮይ የደቡብ አሜሪካን ጠረፍ እየለካ ያነሣቸው ካርታዎች ለብዙ ዘመን ለባሕረኞች አገልግለዋል። ለዚሁ ሥራ ተጨማሪ መርከብና ጀልባዎች ከገዛ ኪሱ ገዝቶ ሀብቱን አጎደለ፤ መንግሥትም ወጪውን አልመለሰለትም። ከዚያ በኋላ የፓርላማ አባል፥ ከ1843 እስከ 1845 ደግሞ የኒውዚላንድ አገረ ገዥ ሆነ። በኒውዚላንድ ስለ መሬት በተነሣው ክርክር የማኦሪዎችን አቤቱታ በመስማቱ ከእንግሊዝ ሰፋሪዎች ጋር ተጣልቶ ከሹመቱ ተነሣ። የዚህ ታሪክ ብቻውን ብዙ ስለሚያስጽፍ ለጊዜው እናልፈዋለን።

በ1854 የእንግሊዝ ንግድ ሚኒስቴር ስለ አየር ጠባይ የሚመለከት አንድ አነስተኛ ክፍል አቋቁሞ ፊትዝሮይን ሾመበት። ዛሬ የብሪታንያ የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት የሚባለው ትልቅ ድርጅት የተጀመረው በዚህ ክፍልና በጥቂት ጸሐፊዎች ነው። የታዘዘው ሥራ ከየመርከቡ የነፋስና የባሕር መዝገብ እየሰበሰበ ሠንጠረዥ እንዲያወጣ ነበር። ስለ ነገ ይናገር ዘንድ ያዘዘው አልነበረም። እርሱ ግን ያለፈውን ብቻ መዝግቦ መቀመጥ አልሆነለትም። ድኾች ዓሣ አጥማጆች ባሉባቸው ወደቦች ሰው ሁሉ የሚያየው ባሮሜትር እንዲተከል አደረገ፤ እንዴት እንደሚነበብም በቀላል ቋንቋ መምሪያ ጻፈ።

በኦክቶበር 1859 የሆነው ነገር ግን ባሮሜትር መትከል ብቻውን እንደማይበቃ አሳየ። ሮያል ቻርተር የተባለች መርከብ በአውስትራልያ ወርቅ ሲቈፍሩ ቈይተው ወደ አገራቸው የሚመለሱ ሰዎችን አሳፍራ ከሜልቦርን ወደ ሊቨርፑል ትጓዝ ነበር። ከወራት ጉዞ በኋላ ሊቨርፑል ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት፥ በ25 ለ26 አጥቢያ በዌልስ አገር በአንግልሲ ደሴት አጠገብ ማዕበል ይዟት ከቋጥኝ ጋር አጋጫት። ወደ 450 የሚሆኑ ሰዎች ሲያልቁ ከሴቶችና ከሕፃናት አንድ እንኳ አልተረፈም። ወርቃቸውን ታጥቀው ወደ ባሕር የዘለሉ ብዙዎች ክብደቱ እንዳሰጠማቸው ይነገራል። ያ ማዕበል በዚያው ሰሞን በብሪታንያ ጠረፍ ከ130 የሚበልጡ መርከቦችን ሲያጠፋ የሞተው ሰው ሁሉ ቍጥር 800 ያህል ደረሰ።

ፊትዝሮይ ከየመብራት ቤቱና ከየመርከቡ መዝገብ አሰባስቦ ማዕበሉ ሰዓት በሰዓት የት የት እንደ ነበረ በካርታ ላይ አሰፈረው። ካርታው ሲጠናቀቅ ማዕበሉ እየተሽከረከረ ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላው የሚሄድ ነገር መሆኑ ጉልህ ሆኖ ታየ። እንግዲህ ማዕበል የሚጓዝ ከሆነ፥ በአንዱ ጠረፍ ሲደርስ ለሌላው ጠረፍ ማስታወቅ ይቻላል፤ የቴሌግራፍ ሽቦ ከነፋስ ይቀድማልና። በፈረንሳይ አገር ለቬርዬ የተባለው ሊቅ በ1854 በጥቁር ባሕር ላይ በደረሰው የመርከብ ጥፋት ምክንያት ይህንኑ አሳብ አስቦ ነበር። ፊትዝሮይ ግን አሳቡን በጠረፍ ለሚኖረው ለተራው ሰው አደረሰው።

ቴሌግራሙ ወደብ ድረስ ይደርሳል። ከወደቡ ቢሮ እስከ ጀልባው ድረስስ ማን ያደርሰዋል? ባንዲራ ቢሰቀል፥ ነፋስ ሳይኖር ይጠወልጋል፤ ነፋሱም ወደ ተመልካቹ ወይም ከተመልካቹ የሚነፍስ ከሆነ ጫፉ ብቻ ይታያል፤ ቀለሙም ከሩቅ አይለይም። ፊትዝሮይ የመረጠው ቀለም የሌለው፥ ከየትም አቅጣጫ ሲያዩት መልኩ የማይለወጥ ነገር ነው። ጥቍር ሸራ በክብ ማቀፊያ ላይ ተወጥሮ ሁለት ዓይነት ቅርጽ ተሠራለት። አንዱ የመሶብ ክዳን የመሰለ ሾጣጣ፥ ሁለተኛው ከበሮ የመሰለ ድብልብል ነው። ሾጣጣው ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ በምሰሶ ላይ ከተሰቀለ ብርቱ ነፋስ ከሰሜን በኩል ይጠበቃል፤ ጫፉ ወደ ታች ከሆነ ከደቡብ በኩል። ከበሮው ብቻውን ከተሰቀለ ነፋሱ ከልዩ ልዩ አቅጣጫ እየተፈራረቀ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ሾጣጣውና ከበሮው አንድ ላይ ከታዩ አደገኛ ማዕበል ያሠጋል። ሌሊት በሾጣጣው ፈንታ ሦስት ፋኖስ በሦስት ማዕዘን፥ በከበሮው ፈንታ አራት ፋኖስ በአራት ማዕዘን ይሰቀል ነበር። ይህን ለመማር አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል፤ ያልተማረ ሰውም የተማረውን ያህል ያውቀዋል።

የምልክቱን ትርጉም በጥንቃቄ እንመልከተው። የተሰቀለው ሾጣጣ ማዕበል በርግጥ ይመጣል አይልም። በዚህ አካባቢ አየሩ ታውኳልና በሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ቀናት ንቁ፥ ባሮሜትራችሁንም እዩ ይላል እንጂ። መርከበኛው ከወደብ እንዳይወጣ የሚከለክለው ሕግ አልነበረም። የሚሄደውም የሚቀረውም በራሱ ፈቃድ ነው። ፊትዝሮይ ይህን ደጋግሞ አስረድቷል። ለሥራውም ስም ሲያወጣ ከትንቢት ጋር እንዳይቀላቀልበት ተጠንቅቆ፥ አስቀድሞ መገመት የሚል ትርጉም ያለውን የእንግሊዝኛ ቃል መረጠ፤ ቃሉም እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እኛ በቋንቋችን ትንበያ የምንለው ቃል ከነቢይና ከትንቢት ጋር አንድ ሥር ያለው ስለ ሆነ፥ ፊትዝሮይ ቢሰማው ደስ የሚለው አይመስለንም።

የመጀመሪያው የማዕበል ማስጠንቀቂያ በፌብሩዋሪ 1861 ወጣ። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ጠረፍ አዲሱን ምልክት አይተው ከቁም ነገር ሳይቈጥሩ ወደ ባሕር የወጡ ብዙዎች ነበሩ። በዚያው ሳምንት ማዕበሉ ደረሰ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን በዊትቢ ወደብ የሌሎችን ነፍስ ለማዳን ደጋግመው ከወጡት 13 የአደጋ ጀልባ ሰዎች መካከል የተረፈው አንድ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ምልክቱ ሲሰቀል ቀና ብሎ የሚያይ ሰው በዛ።

የምልክቱ መልካም ውጤት ፊትዝሮይን ወደ ሌላ እርምጃ አደረሰው። ጧት ጧት በቴሌግራም የሚደርሰው ወሬ በእጁ ነው፤ ስለ ማዕበል ከተነገረበት ስለ ተራው ቀንስ ለምን አይነገርበትም? ኦገስት 1 ቀን 1861 ታይምስ የተባለው የሎንዶን ጋዜጣ የመጀመሪያውን የአየር ትንበያ አተመ። ስለ ሰሜን፥ ስለ ምዕራብና ስለ ደቡብ በየተራ ነፋሱ እንዲህ ነው፥ ሰማዩ ብራ ነው የሚሉ አጫጭር መስመሮች ነበሩ። ሕዝቡ እጅግ ወደደው። ለመዝናኛ ጉዞ የሚወጣው፥ የፈረስ እሽቅድምድም የሚያዘጋጀው ሁሉ ጋዜጣውን ይገልጥ ጀመር። ንግሥት ቪክቶሪያ እንኳ ወደ ዋይት ደሴት ለመሻገር ሲያስቡ ወደ ፊትዝሮይ መልእክተኛ ልከው አየሩን እንዳስጠየቁ ይነገራል።

መከራው የመጣው ከዚህ በኩል ነው ብለን እናምናለን። በምሰሶው ላይ የተሰቀለው ሸራ ጥርጣሬውን ከነመልኩ ያሳይ ነበር፤ ተጠንቀቁ ከማለት በቀር ሌላ ቃል የለውምና። በጋዜጣው ላይ ግን ሊሆን ይችላል የሚለው ቃል ከበላይ በርእሱ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል፤ ከሥሩ ያሉት መስመሮች እንደ እህል ዋጋ ዝርዝር ቍርጥ ያሉ ናቸው። አንባቢ ደግሞ ርእሱን ዘሎ መስመሩን ያነብባል። ብራ ነው የተባለበት ቀን ሲዘንም ሰውየው ዋሸ ተባለ። ሰኞ የተነገረውን ከማክሰኞው ዝናም ጋር አስተያይቶ መሣቅ ለቀልደኛ ጋዜጦች የማይነጥፍ መተዳደሪያ ሆነ። ትንበያውን የሚያትመው ታይምስ ራሱ፥ ለስሕተቱ እኔ ተጠያቂ አይደለሁም በሚል መንፈስ ይጽፍ ጀመር።

የምሰሶው ምልክትም ቢሆን ከወቀሳ አላመለጠም። ሾጣጣው ተሰቅሎ ማዕበሉ ሳይመጣ ሲቀር የጀልባ ባለቤቶች የአንድ ቀን ዓሣ ቀረብን፥ ገንዘብ ከሰርን ብለው ያማርራሉ። ኪሣራው በሒሳብ መዝገብ ላይ በፓውንድና በሺልንግ ይጻፋል። ማዕበሉ በመጣ ጊዜ በወደብ ቀርተው የዳኑት ሰዎች ግን በየትኛውም መዝገብ አይጻፉም፤ እራታቸውን በልተው ተኝተዋልና። ባሕር ላይ የሚወጡት ዓሣ አጥማጆች ራሳቸው ምልክቱን ይደግፉ ነበር። አቤቱታው ይበዛ የነበረው ጀልባውን ልከው በየብስ ከሚቀመጡት ዘንድ ነው፤ ይህም እስከ ፓርላማ ደረሰ። ሊቃውንቱ በበኩላቸው ፊትዝሮይ የሚሠራበትን ደንብ በጽሑፍ አላስቀመጠም፥ በልምድና በግምት ይናገራል እያሉ ተቹት። ይህ የሊቃውንቱ ትችት ፍሬ የሌለው አልነበረም፤ ፊትዝሮይ በ1862 መጨረሻ ገደማ ያወጣው የአየር ጠባይ መጽሐፍም ጥያቄያቸውን ሙሉ በሙሉ አልመለሰላቸውም።

በዚህ ሁሉ ላይ ሌላ ኀዘን ተጨመረ። ዳርዊን በ1859 ያሳተመው መጽሐፍ፥ በሃይማኖቱ የጸናውን ፊትዝሮይን ልቡን ሰብሮት ነበር። በ1860 ስለ ብሪታንያ ማዕበሎች ንግግር ለማድረግ ኦክስፎርድ በሄደበት ስብሰባ፥ በዳርዊን መጽሐፍ ላይ ክርክር ሲነሣ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ቆሞ እንደ ተናገረ ተጽፏል። የሰማውም አልነበረም። በ1863 የምክትል አድሚራል ማዕረግ ቢያገኝም፥ ጆሮው እየደከመ፥ ገንዘቡ እያለቀ፥ ሥራው ግን በየቀኑ እየከበደ ሄደ።

አፕሪል 30 ቀን 1865፥ እሑድ ጧት፥ አድሚራል ፊትዝሮይ በሎንዶን አጠገብ አፐር ኖርዉድ በሚገኘው ቤቱ በገዛ እጁ ሞተ። ዕድሜው ስድሳ ሊሞላ ሁለት ወር ያህል ቀርቶት ነበር። ከአጎቱ ጀምሮ ያስፈራው የነበረው የመንፈስ ሕመም በመጨረሻ አሸነፈው። የሰው ልጅ እንዲህ ላለው ነገር የሚደርሰው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለምና፥ የጋዜጦቹ ፌዝ ገደለው ማለት ነገሩን ማቅለል ይሆናል። ትቶት የሄደው ዕዳ ነበር። ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ዕዳውን ከፈሉ፤ ዳርዊንም ከአዋጡት አንዱ ነው። ንግሥቲቱ ለባለቤቱና ለልጁ በሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት ማደሪያ ሰጧቸው።

ከሞተ በኋላ መንግሥት ፍራንሲስ ጋልተን የሚመራው ኮሚቴ አቋቁሞ ሥራውን አስመረመረ። ጋልተን የዳርዊን ዘመድ ነው። ኮሚቴው በ1866 በሰጠው አስተያየት የየቀኑ ትንበያ መሠረት የለውምና ይቅር አለ፤ የማዕበል ምልክቱ መጠነኛ ጥቅም እንደ ሰጠ ግን አልካደም። ያም ሆኖ በዲሴምበር 1866 ሁለቱም ቆሙ፥ ጥቍሩ ሸራም ከምሰሶው ወረደ።

ከየወደቡ አቤቱታ ጐረፈ። ማዕበል ሳይመጣ ምልክት ይሰቀልብናል ሲባል የነበረበት አገር፥ አሁን ምልክቱን መልሱልን የሚል ሆነ። መርከበኛ አንድ ነገር ያውቃል፤ ከአራት አንድ ጊዜ የሚስት ምልክት፥ ጭራሹን ምልክት ከሌለው ምሰሶ ይሻላል። አንድ ዓመት ያህል ሳይቈይ፥ በ1867 መጨረሻ፥ የማዕበል ማስጠንቀቂያው ተመለሰ። ለሕዝብ የሚነገረው የየቀኑ ትንበያ ግን የተመለሰው በ1879 ነው። በመካከሉ ጋልተን ራሱ አፕሪል 1 ቀን 1875 በታይምስ ጋዜጣ ላይ የመጀመሪያውን የአየር ካርታ አሳተመ። ካርታው የሚያሳየው የትናንቱን አየር ነበር። ትናንትን የሚሥል ሰው ውሸታም የሚባልበት ምክንያት የለም።

የፊትዝሮይ ችግር ከእርሱ ጋር አልተቀበረም። በአሜሪካ አገር የዐውሎ ነፋስ ማዕከል የሚባለው መሥሪያ ቤት ከ2002 ጀምሮ በካርታ ላይ እንደ ሾጣጣ እየሰፋ የሚሄድ ሥዕል ለሕዝብ ያሳያል። ሾጣጣው የሚነግረው የማዕበሉ መካከል ሊያልፍበት የሚችለውን ስፍራ ነው፤ የአሠራሩ ስሌት እንደሚለው ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያህል በዚያ ውስጥ ይውላል፥ አንዱን ጊዜ ይወጣል። ሕዝቡ ግን ሥዕሉን የማዕበሉ ስፋት ነው ብሎ ይረዳዋል፤ ከመስመሩ ውጭ ያለ ሰውም ደኅና ነኝ ይላል። በኦገስት 2004 ቻርሊ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ወደ ፍሎሪዳ ሲመጣ፥ በሾጣጣው መካከል የተሰመረው ቀጭን መስመር ወደ ታምፓ ከተማ ያመለክት ስለ ነበር የብዙ ሰው ዓይን እርሱን ብቻ ተከተለ። ዐውሎ ነፋሱ ታጥፎ ከታምፓ በስተ ደቡብ ፑንታ ጎርዳን መታ። ፑንታ ጎርዳ በሾጣጣው ውስጥ ነበረች።

የፊትዝሮይ ጥቍር ሾጣጣ በብሪታንያ ወደቦች እስከ 1984 ድረስ ሲሰቀል ኖሮ፥ ራዲዮው በየጀልባው ከገባ በኋላ ቀረ። አሜሪካኖቹ አዲሱን ሾጣጣ ማሳየት በጀመሩበት በዚያው በ2002፥ የብሪታንያ ራዲዮ ለባሕረኞች በሚያነብበው የአየር ወሬ ውስጥ ፊኒስቴር ይባል የነበረው ከስፔን ጠረፍ ማዶ ያለው ባሕር ስሙ ተለውጦ ፊትዝሮይ ተባለ። ከዚያ ወዲህ መርከበኞች በዚያ ባሕር ላይ የሚጠበቀውን ነፋስ የሚሰሙት በእርሱ ስም ነው።